ማንም ያልወደደው በርጫ፦ ከአንድ የሐዋሳ ዶርም የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ሁለተኛ ዓመት እያለን በሶሻል ሳይኮሎጂ ሚድ ላይ ባለ 5 ማርክ ጥያቄ መጣ። አንድ ቡድን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የማይቀበለውን ነገር፣ ሌሎቹ ሁሉ የወደዱት መስሎት ዝም ብሎ ሲከተል ምን ይባላል? ከምሳሌ ጋር አብራሩ። መልሱ ፕሉራሊስቲክ ኢግኖራንስ ነው። በዶርማችን የነበርነው ስድስታችንም የሥነ ልቦና ተማሪዎች ነበርን፤ ስድስታችንም 5 ከ5 አገኘን። እኔ የጻፍኩት ምሳሌ ከሃንድ አውት የሸመደድኩት የአሜሪካ ተማሪዎች የመጠጥ ልማድ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ለቀጣዩ ፈተና ልናነብ ፍራሾቻችንን ወለል ላይ አወረድንና እንደ ልማዳችን ጫት ቃምን። ከስድስታችን ውስጥ ያንን በርጫ የሚፈልግ ሰው ቢገኝ አንድ ነው። ይህን ያወቅነው ግን ከ6 ወር በኋላ ነው።

ጉዳዩን የምጽፈው «ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ለኑሯችን ምን ይረባል?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ጠይቄዋለሁ፣ መልሱንም ያገኘሁት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከፊሉን በትክክል ከፊሉን በስህተት ነው። ስህተቱንም አልደብቅም።

ክፍሉ

ሐዋሳ ካሉት ግቢዎች የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። እንደ ማንኛውም ዶርም ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከርና አንድ መስኮት አለው። ልጆቹን በአልጋቸው እጠራቸዋለሁ፤ ያኔም ብዙ ጊዜ የምንጠራራው እንዲያ ነበር። ሁሉም ጽሑፉን አንብበው ፈቅደዋል፣ የሚያሳውቃቸውንም ነገር አብረን ቀይረናል።

የመስኮቱ ላይኛ ሰቃያችን ነበር። የገጠር ልጅ ነው፤ እናቱ በየሴሚስተሩ አንድ ፌስታል ሙሉ ቆሎ ትልክለታለች። ከሥሩ የሚተኛው የመስኮቱ ታችኛ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የክፍሉ ሙዚቃም ሳቅም ከእሱ ነበር። የመሃሉ ላይኛ ዝምተኛ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የመሃሉ ታችኛ እኔ ነኝ። የበሩ ላይኛ የወሎ ልጅ ነው፤ ባደገበት ቤት ጫት በክብር ለዱዓ ይቀርባል። የበሩ ታችኛ በዕድሜ ከሁላችንም ሁለት ዓመት ይበልጣል። አባቱ ስለሞቱ ታናናሾቹን በስልክ የሚቆጣ፣ የሚመክር፣ ከምትላክለት ትንሽ ብር ላይ መልሶ የሚልክላቸው ልጅ ነበር።

ጫቱ ወደ ክፍላችን የገባው ጥቅምት ላይ ነው። የመስኮቱ ታችኛ አንድ ማታ በኮባ የተጠቀለለ ዙርባ ይዞ መጣ። «ከወንዶ ገነት አሁን የገባ ነው፣ ሲኒየሮቹ የሚሰቅሉት በዚህ ነው» አለን። ኮባው ለጌጥ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ተቀጥፎ መድረቅ ሲጀምር ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በጥድፊያ የሚጓጓዘውም፣ እርጥበቱ እንዳይሄድ የሚጠቀለለውም ለዚህ ነው። ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፦ እንቅልፍ ያባርራል፣ ረሃብ ያጠፋል፣ ምላስ ይፈታል። ማታውን ሰው ጀግና ያደርገዋል፤ ጠዋት ደግሞ ያንን ጀግንነት ከነወለዱ ይቀበለዋል።

መጀመሪያ ለፈተና ሳምንት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። ታኅሣሥ ሲገባ በሳምንት አራት ቀን እንቅም ነበር፤ ከቤት ከሚላክልኝ ብር ግማሽ ያህሉ በዚያ አለቀ። ጠዋት ጠዋት ገራባ የሚጠርግ ተረኛ ነበረን። ሌሊቱን ዱካክ፣ የቃሚ ቅዠት፣ የያዘው ሲያቃስት የሚቀሰቅሰው ግን ተረኛ አልነበረውም፤ ማንም የነቃ ይቀሰቅሰዋል፣ ጠዋት ስለዚያ አይወራም።

ሰበቦቹ

ነገሩ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ፣ ከአንዱ በቀር፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ሐይቁ ዳር፣ ግድቡ ላይ ተቀምጠን አወራን። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምጠይቀው፦ ያ የመጀመሪያው ማታ በልብህ ምን ነበር?

የመስኮቱ ታችኛ፣ ያመጣው ራሱ፣ እንዲህ አለኝ፦ «እናንተ ዝም ስትሉ የለመዳችሁ መሰለኝ። እኔ ያኔ ቅሜ አላውቅም። የገዛሁት ፋራ እንዳልባል ነው።» ሰቃዩ ደግሞ ከተማ ልጅ ሁሉ እንዲህ የሚያነብ መስሎት ነበር። የመሃሉ ላይኛ አባቱ በደወሉ ቁጥር ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር ይወጣ ነበር፤ እኛ ፍቅረኛ ያዘ ብለን እንስቅበታለን። የወሎው ልጅ ነገር ከሁሉም አስገረመኝ። «እኛ ቤት ጫት ሽማግሌ መርቆ ይጀምረዋል፣ ሰዓት አለው፣ ወግ አለው። እናንተ እየተሳደባችሁ ስትቅሙ ልቤ ይደማ ነበር። ግን እኔ የጫት አገር ልጅ ነኝ ተብያለሁ፣ ጫት አይመቸኝም ብል ማን ያምነኛል?»

እኔስ? በ7 ወሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ከበርጫው እንደቀረሁ አስታውሳለሁ፤ ምን ብዬ እንደቀረሁም አስታውሳለሁ። «ዛሬ ጨጓራዬ ተነሥቷል።» አንድም ቀን «አልፈልግም» አላልኩም። ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። አንዱ ብር አልቆብኛል ይላል፣ ሌላው ጾም ነው ይላል፣ ሌላው ራሴን አሞኛል ይላል።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ሰበብ ነው። ጨጓራዬን አሞኛል ያለ ሰው ለሚሰማው ሁሉ የሚነግረው «ባያመኝ እቅም ነበር» ብሎ ነው። እያንዳንዱ ሰበብ አንድን ሰው ለአንድ ማታ ያድናል፣ ለቀሩት አምስቱ ግን በርጫው የተወደደ መሆኑን ይመሰክርላቸዋል። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ብዙ ደግ ሥራ ይሠራል፤ ሰው እንዳይዋረድ፣ ቤት እንዳይፈርስ ይጠብቃል። እዚህ ግን በጨዋነት ተዋሸን። ማንም ማንንም ማስቀየም ስላልፈለገ ስድስታችንም ማንም ያላዘዘውን ሕግ ስናከብር ከረምን።

ሐሳቡን በዚህ ስም የጠሩት ዳንኤል ካትዝና ፍሎይድ ኦልፖርት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1931። በኋላ በ1993 ዴቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ግቢው ውስጥ ያለው የመጠጥ ልማድ ለአንተ ምን ያህል ይመችሃል? ለአማካዩ ተማሪስ ምን ያህል የሚመቸው ይመስልሃል? ተማሪዎቹ ሌላው ከእነሱ ይበልጥ የሚመቸው መስሏቸው ነበር። ሒሳቡን አስቡት፤ ሁሉም ሰው ከአማካዩ በታች ሊሆን አይችልም። የአስተሳሰቡ ቁልፍ ቀላል ነው። የራሳችንን ልብ ከውስጥ እናየዋለን፣ የሌላውን የምንገምተው ከሚያደርገው ነው። የሚያደርገው ደግሞ እኛ የምናደርገውን ነው።

«በምርቃና ያነበብኩት»

ጥር መጨረሻ ላይ የስታትስቲክስ ፋይናል ነበር። ሰቃያችን ሁለት ሌሊት ሳይተኛ በምርቃና፣ በጫቱ ሙቀት፣ አንብቦ ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ገጹ ይታየኛል፤ በቢጫ ያሰመርኩበት ቦታ ሳይቀር ይታየኛል። ጽሑፉ ግን የለም» አለ። ከዚያ የደረሰበት መደምደሚያ ያስፈራል፦ «ቅሜ ብገባ ኖሮ ይመጣልኝ ነበር።» በቀጣዩ ፈተና ጠዋት ጉንጩ ውስጥ ትንሽ ይዞ ገባ።

ይህ አባባል በግቢ ሁሉ ይባላል፦ በምርቃና ያነበቡት ያለ ምርቃና አይመጣም። እንደ ተማሪ ላጣጥለው ስነሣ ያገኘሁት ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዱንካን ጎደንና አላን ባድሊ ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂ ዋናተኞችን የቃላት ዝርዝር አስጠኗቸው፣ ገሚሱን ውኃ ውስጥ፣ ገሚሱን ደረቅ መሬት ላይ። ውኃ ውስጥ የተጠና ውኃ ውስጥ ሲጠየቅ፣ መሬት ላይ የተጠና መሬት ላይ ሲጠየቅ የተሻለ ታወሰ። ለሰውነት ሁኔታም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በ1969 ዶናልድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በአልኮል ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ የተናገረው የእውነት ቁራጭ አለው።

የቀረውን ቁራጭ ለመንገር ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ጎደንና ባድሊ በ1980 ሙከራውን በሌላ መልክ ደገሙት፤ ዋናተኞቹ ቃሉን ከራሳቸው እንዲያወጡ ሳይሆን ካዩት ውስጥ ለይተው እንዲያውቁ ሲጠየቁ የቦታው ልዩነት ጠፋ። ምርጫ ጥያቄ ላይ ምርቃናው ቢኖር ባይኖር ብዙ አያመጣም ማለት ነው። ማብራሪያ ላይ ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ያን ያህል ባዶ የሚያስቀር አይደለም። ጓደኛዬን ባዶ ያስቀረው ምናልባት ሌላ ነው።

አንደኛው እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተሙት ሙከራ የተሳተፉት ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ትርጉም የለሽ ቃላትን አጥንተው ሲተኙ የሚያስታውሱት ነቅተው ከሚቆዩበት ጊዜ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብዙ ሥራ እንቅልፍ ለትዝታ ያለውን ጥቅም አጽንቶታል። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰበሰብነውን ጠዋት የምናስርበት ገመድ እየጣልን ነበር የምንሄደው።

ሁለተኛው ያነበብንበት መንገድ ነው። በምርቃና ሰው አንድን ገጽ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ያነባል፣ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ደግሞ የገባው ይመስለዋል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ያደረጉትን ላስረዳ። ገሚሶቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ገሚሶቹ አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱን አስቀምጠው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። በተከታዩ ሙከራቸው ደግሞ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በደንብ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ ተማምነው ነበር። ጫት በዚህ መተማመን ላይ ተጨማሪ መተማመን ይጭናል። ሰቃያችን ገጹ ታየው፤ ገጹን ማየትና መልሱን ማውጣት አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ብነግረው «እሺ» ብሎ ማታ ይቅም ነበር። ምክንያቱም የሚቅመው ስለ ትዝታ ባለው ዕውቀት አልነበረም። አምስታችን ወለል ላይ ተቀምጠን እሱ ብቻውን አልጋ ላይ ሊተኛ ስለማይችል ነው።

ቆሎው

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ አስተማሪያችን በዙሪያችሁ ካለ ማኅበራዊ ጉዳይ አንዱን ይዛችሁ አንድ ንድፈ ሐሳብ ሞክሩበት አሉን። እኔ በመጀመሪያ ያሰብኩት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስለሚሠሩ ሴቶች የቤት ኪራይ ጭንቀት ነበር። ፈቃድ ለማግኘት ስመላለስ ሁለት ወር አለፈ። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት ዱካክ ይዞኝ ስወራጭ የመሃሉ ላይኛ ቀሰቀሰኝ፤ ውኃ ሰጠኝና በሹክሹክታ «አንተም ትጠላዋለህ አይደል?» አለኝ። «አንተም» የሚለው ቃል እንቅልፌን ወሰደው። በማግስቱ ርዕሴን ቀየርኩ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ለአሳይመንት ነው፣ የማይፈልግ ሰው ግዴታ የለበትም አልኩ። ተስማሙ። ብጣሽ ወረቀት አደልኩና በርጫው ይቀጥል ወይስ ይቅር ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። ገና ሁለቱን ስሰበስብ የመስኮቱ ታችኛ «ይህቺ ‘ቀ’ የማን እንደሆነች አውቃለሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ የቀሩት ሁሉ «ይቀጥል» ጽፈው ሰጡኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ስድስት ዓመት የኖሩ ጎረቤቶች እንኳ የእጅ ጽሑፍ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ኖት የሚዋዋሱ የዶርም ልጆች ግን ይተዋወቃሉ። ስም አለመጻፍ ብቻውን ምስጢር አያደርግም።

መላው የተገኘው ከሰቃዩ እናት ፌስታል ነው። ቆሎው ገብስና ሽምብራ ድብልቅ ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ አመጣሁ፣ ድምፁ እንዳይለይ ከታች ሶፍት አነጠፍኩ፣ አፉ ላይ ካልሲ ገጠምኩ። ለእያንዳንዱ ጥቂት ገብስና ጥቂት ሽምብራ በኪሱ ሰጠሁት። በርጫውን የሚወደው ገብስ፣ ቢቀር ደስ የሚለው ሽምብራ ይጥላል። እጅ በካልሲው ይገባል፣ ጭብጥ ተደርጎ ይወጣል። እኔም ጣልኩ።

ከመክፈቴ በፊት ሁለተኛ ጣሳ አዞርኩ። ከስድስታችን ስንታችን ገብስ የጣልን ይመስልሃል? የገመትከውን ያህል ፍሬ ጣል። የሁሉም ተደምሮ 26 ፍሬ ሆነ። ሁሉም ስድስት ቢል 36 ይሆን ነበር፤ ስለዚህ በአማካይ ከስድስት ከአራት በላይ ሰው በርጫውን እንደሚወድ ገምተናል።

የመጀመሪያውን ጣሳ ፍራሹ ላይ ገለበጥኩት። አምስት ሽምብራ፣ አንድ ገብስ።

የሆነውን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። የመስኮቱ ታችኛ ሽምብራዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው። ከዚያ የመሃሉ ላይኛ ማልቀስ ጀመረ። የወሎው ልጅ «ታዲያ ማን ነው እንዲህ ያሰረን?» አለ። መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

ክርስቲን ሽሮደርና ፕሬንቲስ በ1998 ያወጡት ሥራ እኛ ሳናስበው ያደረግነውን ይመስላል። አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ስለ መጠጥ ውሳኔ እንደ ግለሰብ ተወያየ፤ ሌላው ስለዚሁ የጋራ ግምት ስህተት ተወያየ። ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ ሲጠየቅ ሁለተኛው ቡድን የሚጠጣው ያነሰ ነበር። ሰውን ስለ ጉዳት ከመምከር ይልቅ «ሌላውም እንዳንተ ነው» ብሎ ማሳየቱ የተሻለ ሠራ። ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ሰዎች እኩል ርዝመት ያለውን መስመር እንዲለዩ በጠየቀበት ሙከራ ያየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሳሳትበት፣ ከመልሶቹ 36.8 በመቶው ከስህተቱ ጋር ይሄዱ ነበር፤ አንድ ደጋፊ ሲያገኝ ግን ይህ መጠን ወደ ሩቡ ወረደ። የመሃሉ ላይኛ ለእኔ፣ እኔም ለእሱ፣ ያቺ አንድ ሰው ሆንን።

ከዚያ በኋላ ሕግ አላወጣንም። ጫት ክልክል ነው ያለ የለም። የተለወጠው የሚባለው ነገር ነው፤ የማይፈልግ ሰው «አልፈልግም» ይል ጀመር፣ ጨጓራውን ሳይከስ። ማታ ማታ ሃንድ አውቱን ዘግተን ጥያቄ እንወራወራለን፤ የሳተ ሰው ቡና ያፈላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት መብራት ይጠፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራታችን ጨርሰን ተውን፤ ፋይናሉን የገባነው ተኝተን ነው። ውጤታችን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ተሻለ፣ ግን ኮርሶቹ ሌላ፣ አስተማሪዎቹ ሌላ ነበሩና ይህን ማስረጃ አላደርገውም። የሰቃዩ ፊት ከፈተና ሲወጣ አመድ አለመምሰሉ ለእኔ ይበቃኛል። የወሎው ልጅ ለብቻው ቆይቶ፣ ዕረፍት ወደ ቤት ሲሄድ ከአባቱ ጋር በዱዓው ላይ መቀመጡን ነገረኝ። ትክክል ነው፤ እሱ የጠላው ቅጠሉን አልነበረም።

የበሩ ታችኛ

ስድስተኛውን ከመግቢያው በኋላ አልጠራሁትም።

የበሩ ታችኛ ከሁላችን የሚበልጥ ቃሚ ነበር። እኛ አራት ቀን ስንቅም እሱ ሰባት ቀን ነበር። ሐራራ ሲይዘው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከምርቃናው ለመውረድ ጨብሲ፣ መጠጥ ማለት ነው፣ ይፈልጋል፣ ለታናናሾቹ የሚልከው ብር መዘግየት ጀምሮ ነበር። ጣሳው ሲገለበጥ ያቺ አንዲት ገብስ የማን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም። ሁላችንም ወደ እሱ አየን። እሱም ማየታችንን አየ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዶርም ውስጥ አልቃመም። ከግቢው ውጭ ካለ ጫት ቤት ይውላል፣ ሌሊት ይመጣል፤ አንዳንዴ አይመጣም። እኛ ተገላግለን ስለነበር የእሱን መሸሽ አላስተዋልንም። የፈረሰው በርጫ ለእኛ እስራት ነበር፣ ለእሱ ደግሞ ቢያንስ ሰው ያለበት ክፍል ነበር። ፋይናል ሳይፈተን ዊዝድሮዋል ሞልቶ ሄደ። ሎከሩን ባዶ ሲያደርግ ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ «ደህና ሁን» ብቻ ተባባልን።

በአሳይመንቱ ላይ ስለ እሱ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ነው፦ ከስድስቱ አንዱ በእውነት ወዶ የሚቅም ስለነበር ንድፈ ሐሳቡ እሱን አያካትትም፣ ስለዚህም ጣልቃ ገብነቱ አልሠራለትም። አስተማሪዬ በጎኑ ጥሩ ምልከታ ብለው ጻፉበት።

ልጁ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመለሰ፣ ከታች ካለው ባች ጋር ተማረ። ሕክምና አግኝቶ፣ እናቱ ቤት ሆኖ፣ ብዙ ወድቆ ብዙ ተነሥቶ ነበር የመጣው። እኔ ለምረቃ ክሊራንስ ስጨርስ ፈልጌው አገኘሁትና አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄድን። ልጠይቀው የፈለግሁት ይቅርታ ነበር፤ ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ አንድን ሰው ለብቻው ማቆሜን። እንዲህ ባለ ትንሽ ቡድን የአንድ ሰው ድምፅ ብቻውን ከወጣ ስም እንደ መጥራት ነው፤ ቆሎውን ሳዘጋጅ ሶፍቱን አሰብኩ፣ ይህን አላሰብኩም።

አቋረጠኝ። «ምን ብለህ ነበር የጠየቅከን?»

«የሚወደው ገብስ፣ ቢቀር ደስ የሚለው ሽምብራ።»

«እኔ ሽምብራ ነው የጣልኩት።»

ዝም አልኩ። ዓሣውን በእጁ እየፈለፈለ ቀጠለ። «ቢቀር ደስ እንደሚለኝ ከእናንተ በፊት አውቃለሁ። ከጥቅምት በፊትም እቅም ነበር፣ ለመተው የሞከርኩትን ልቆጥርልህ አልችልም። አንተ የምወደው እንደሆነ ጠየቅከኝ፣ የምችለው እንደሆነ አልጠየቅከኝም። ሽምብራዎቹ ሲወጡ አምስት ሲሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእነዚህ ጋር አብሬ እተዋለሁ አልኩ። ቀና ስል ሁላችሁም ታዩኛላችሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ያምነኛል?»

ያቺን ገብስ የጣለው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሌሎቹን አልጠየቅኋቸውም፣ አልጠይቃቸውምም። አሳይመንቱ ግን ዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ አለ። «በእውነት ወዶ የሚቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም አብሮት አለ፤ እሱ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ፣ እዚህ እንዳርመው የጠየቀኝ ያንን ብቻ ነው።